ሹፌሩ እሳት ሲያያይዝ

ገብረ መድህን ዕድሜውን መሪ ላይ የፈጀ የአሰላ ሰው ነው። ከጮሌና ከዲክሲስ ስንዴ ጭኖ በጭቃ ቁልቁለት ሲወርድ ፍሬን እንቢ ቢለው እንኳ አይደነግጥም ነበር። ጡረታ ከወጣ በኋላ ግን አንዲት ምድጃ በላብ አጠመቀችው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ክረምቱ ሲገባ ሚስቱ ተሻለች ሳሏ ባሰባት። ሐኪሙ ደረቷን አዳምጦ፣ «ከእንግዲህ ጭስ አጠገብዎ እንዳይደርስ» አላት። ማድ ቤቱ ደግሞ ከመኝታ ቤቱ ጋር ግድግዳ ይጋራል። የአሰላ ብርድ ያለ እሳት አይቻልም፤ መብራቱም መጣ ሲሉት ይሄዳል። ልጆቹ በየፊናቸው ናቸው። ስለዚህ በትዳር ዘመኑ ሁሉ ማጀት ገብቶ የማያውቀው ሰውዬ ክብሪት አነሳ።

መጀመሪያ ፌስታል ለኮሰ። ሰፈሩ ሁሉ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ቶሎ ይይዛላ! ጥቁር ጭሱ ግን በግድግዳው ስንጥቅ ሾልኮ ተሻለችን አጣደፋት። በማግስቱ ናፍጣ ረጨበትና ቅንድቡ ተለብልቦ ወጣ። ተሻለች አይታው ሳቀች፤ ሳቁ ወደ ሳል ዞረና ትንፋሽ አጠራት። ያኔ ገብረ መድህን ከልቡ ፈራ። የሚያሞቃት መስሎት ሊገድላት ነው።

ጎረቤቱ ፈይሩዛ፣ ገበያ ላይ ጭራሮ የምትሸጠው፣ ጭሱን አይታ እየሮጠች ገባች።

«ጋሼ፣ ቤቱ የተቃጠለ መስሎኝ እኮ ነው!»

«ጭስ መውጫ አያጣም ይባላል። የእኔው ግን መኝታ ቤቱን መረጠ» አላት።

ፈይሩዛ እንጨቱን በእጇ መዘን አድርጋ ጣለችው። «ወላሂ፣ ይሄ ገና ውሃ ነው! ደረቅ የጥድ ስንጣሪ ይያዙ፣ እንደ ጣት የቀጠነ። ፌስታሉን ይተዉት። የነገውንም ዛሬ ምድጃው ዳር ያድርቁት።» ወደ ቤቷ ብቅ ብላ ከምትሸጠው እስር መዝዛ አመጣችለት።

ስንጣሪው ወዲያው ያዘ። ገብረ መድህን ደስ ብሎት ወፋፍራሙን ግንድ ከመረበት፤ እሳቱም ታፍኖ ጭሱ ተመለሰ። ተንበርክኮ ምድጃውን ሲራገም የድሮው አይሱዙ ትዝ አለው። የሲሬን ዳገት ሲወጣ፣ የአየር ፊልትሮው አቧራ ከጠጣ፣ ልክ እንዲህ ጥቁር ጭስ ይተፋ ነበር።

«አየር ነዋ ያጣው!» አለ ጮክ ብሎ።

ምድጃውን አጥፍቶ የታጨቀውን አመድ ዛቀ። ከታች ሁለት ድንጋይ አስቀመጠ፣ ስንጣሪውን በላያቸው እያጠላለፈ ረበረበ፣ መሀሉን ክፍት ትቶ ለኮሰው። ደረቅ ደረቁን መርጦ፣ ወፍራሙን መጨረሻ ላይ ብቻ፣ አንድ በአንድ ጨመረ። ነበልባሉ ጥርት ብሎ ተነሳ። ሻይ ጣደ።

ተሻለች ከወዲያ ተጣራች። «ገብሬ፣ ዛሬም እንቢ አለህ? ተወው በቃ፤ ጋቢ እደርባለሁ።»

ትኩስ ሻይ በስኒ ይዞ ገባ። ተሻለች ስኒውን አየች፣ ቀጥላ የግድግዳውን ስንጥቅ አየች፣ አየሩን ሳብ አደረገች።

«መቼ አነደድከው?»

«ቅድም።»

ሻይዋን አንጠፍጥፋ ጠጣች፤ አንዴም አልሳለችም። ስኒውን ዘረጋችለትና «ድገመኝ» አለችው።

ገብረ መድህን ፊቱን አዞረ። እንባው በዐይኑ ግጥም ብሏል፤ እንዳያሳብብበት ጭስ የለም።