ቴፒ ላይ ያለቀስንላቸው አራቱ

ሸራ በዝናብ ሲርስ የሚሰጠውን ሽታ ታውቂዋለሽ? የጎማ፣ የአሮጌ ጆንያ፣ ትንሽም የጭስ ሽታ አለው። ሰሞኑን እዚህ ሚዛን ከተማ፣ ጎረቤቶቼ ለልጃቸው ሠርግ ድንኳን ሲተክሉ ዝናቡ ድንገት ወረደባቸው። ሽታው በመስኮት ገብቶ ደረሰኝ። እነሱ ውጭ እየተሳሳቁ ገመድ ይጎትታሉ፤ እኔ ግን ቴፒ ነበርኩ፣ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሆኜ በወንድሜ የለቅሶ ድንኳን ውስጥ።

ወንድሜ አየር ኃይል ነበር፣ የበረራ ቴክኒሺያን። አባታችን የቡና እርሻው ትራክተር ነጂ ስለነበረ ሞተር ማዳመጥን የተማረው ከእሱ ነው። ገና ልጅ ሳለ ትራክተሩ ከሩቅ ሲመጣ ድምፁን ሰምቶ «ዛሬ አሟታል» ይል ነበር። የድንበሩ ጦርነት ሲጀመር ዕቃ ያመላልሱበት በነበረው አውሮፕላን ላይ ቦምብ ይጭኑ ጀመር። ሲመሽ ይነሳሉ፣ ሳይነጋ ይመለሳሉ። እኛ ይህን ያወቅነው በኋላ ነው። እሱ ስለ ሥራው ሲጠየቅ «ከጓደኞቼ ጋር ነኝ» ብቻ ነበር የሚለው።

ጦርነቱ ጋብ ባለበት ወቅት ፈቃድ አግኝቶ ሲመጣ እነዚያን ጓደኞቹን ይዟቸው መጣ። አብረውት የሚበሩት ሦስቱ ነበሩ። ከአውቶቡሱ ሲወርዱ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ዋጣቸው። ካፒቴኑ የወልቂጤ ልጅ ነው፤ ረጅም፣ ድምፁ ጎላ ያለ። የእናቴን ቆጮ አንዴ ቀመሰና «እትዬ፣ አይቀየሙኝና ይሄ ገና ልምምድ ላይ ነው» ብሎ እጅጌውን ሰብስቦ ማድ ቤት ገባ። እናቴ እስኪያማት ሳቀች። ረዳት አብራሪው የአጋሮ ሰው፣ ሙስሊም ነበር። አባቴ ዶሮ ይዞ ወደ ጎረቤታችን ሄደ፤ ጎረቤታችን ከጅማ የመጣ ሙስሊም ባለሱቅ ነው። አሳርዶ ተመለሰ፤ እናቴም በአዲስ ድስት ለብቻው ሠራችለት።

ሦስተኛው በጨለማ መንገዱን የሚያሰላው፣ እነሱ ናቪጌተር የሚሉት ነው። ዝምተኛ ነበር። ጠዋት ጠዋት ከቤታችን ጀርባ ካለው የቡና ጥላ ሥር ቆሞ ጉሬዛዎቹ ከዛፍ ዛፍ ሲዘሉ ያያል። እናቴ አንድ ቀን ጎደሬ እያቀረበችለት «አንተስ የማን ልጅ ነህ?» አለችው።

«የመንግሥት» አላት ፈገግ ብሎ።

ወንድሜ በጆሮዋ ነገራት፤ በሕፃናት ማሳደጊያ ነው ያደገው፣ እናትም አባትም አያውቅም። እናቴ «እግዜር ያውቃል፣ አይዞህ» ምናምን አላለችም። ሳህኑ ላይ ጨመረችበትና «ከዛሬ ጀምሮ የሚጠይቅህ ሲኖር የቴፒ ነኝ በል» አለችው። ልጁ ቀና ብሎ አያት። ከዚያ በኋላ ውሃ ስቀዳ ጀሪካኑን የሚቀበለኝ እሱ ሆነ። «እኅቴ» ይለኝ ነበር፤ ቃሉ አፉ ላይ እንግዳ እንደሆነ ያስታውቃል።

ሊሄዱ ሲሉ ገበያው አጠገብ ወዳለው ፎቶ ቤት ወሰድኳቸው። ከኋላ የተሰቀለው መጋረጃ ላይ አውሮፕላን ተሥሎበታል፤ መስኮቱ የቤት መስኮት፣ ጎማው የጋሪ ጎማ። ረዳት አብራሪው ገና ሲያየው «በዚህስ አልሄድም!» ብሎ ጮኸ፤ አራቱም በሳቅ ፈረሱ። ፎቶ አንሺው እነሱ እስኪረጋጉ ቢጠብቅ የሚረጋጉ አልሆኑም። ሲስቁ አነሳቸው።

መርዶው የመጣው ክረምቱ ሳይገባ ነው። ጎህ ሲቀድ የእድሩ ሽማግሌዎች በር አንኳኩ፤ ከኋላቸው አንድ የማናውቀው መኮንን ቆሟል። በዚያ ሰዓት በር ሲንኳኳ ለምን እንደሆነ በእኛ አገር ማንም አይጠይቅም። እናቴ ገና በሩ ሳይከፈት ጮኸች። መኮንኑ ሌሊት ለግዳጅ ወጥተው እንዳልተመለሱ፣ አውሮፕላኑ በጠላት ወገን ስለወደቀ አስከሬን እንዳልተገኘ ተናገረ። አባቴ ግድግዳውን ተደግፎ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፤

«ሌሎቹስ ልጆች?»

«አራቱም» አለ መኮንኑ።

አስከሬን የሌለው ለቅሶ ከባድ ነው። ሰው የሚያየው ነገር ይፈልጋል። ስለዚህ ድንኳኑ ውስጥ ፎቶው ይቀመጥ ተባለ። የአባቴ ታላቅ ወንድም፣ የለቅሶውን ነገር የያዘው እሱ ነበርና፣ ጠርቶ ያንን የአራቱን ፎቶ ሰጠኝ። «ሚዛን ውሰጂና ያሳድጉልን። የእሱን ብቻ ቆርጠው ይሥሩት» አለኝ።

የቡና መኪና ላይ ጋቢና ተቀምጬ ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ ፎቶውን ጉልበቴ ላይ አድርጌ አየሁት። ካፒቴኑ የወንድሜን አንገት አቅፏል። ናቪጌተሩ ጭንቅላቱን ወንድሜ ትከሻ ላይ ጥሎ ይስቃል። የት ላይ ነው መቀሱ የሚያልፈው? ከካፒቴኑ ክርን? ከልጁ ጆሮ? ሚዛን ስደርስ ፎቶ ቤቱ ውስጥ ያለው ሰውዬ «የትኛውን ነው የምናሳድገው?» አለኝ። «ሁሉንም» አልኩት። አሁንም ያን ቃሌን ሳስታውስ ደስ ይለኛል።

ትልቁን ፎቶ ይዤ ድንኳኑ ውስጥ ስገባ አጎቴ ፊቱ ተለዋወጠ። በለቀስተኛው ፊት ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ምን ማድረግሽ ነው? የሌላ ሰው ልጆች ለቅሶ እዚህ ምን ያደርጋል?» አለኝ።

«ጋሼ፣ ካፒቴኑ ወልቂጤ፣ ያኛው አጋሮ ይለቀስላቸዋል» አልኩት። «ለዚህኛው የሚያለቅስለት ማን ነው?» ጣቴን ናቪጌተሩ ላይ አድርጌያለሁ።

ዝናቡ ሸራውን ይደበድባል። አጎቴ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሥርዓት እንዳይበላሽ ነው የፈራው። መልስ ሊሰጠኝ አፉን ሲከፍት አባቴ ከተቀመጠበት ተነሣ። ፎቶውን ከእጄ ተቀብሎ ጠረጴዛው ላይ አቆመው፣ በጋቢው ጫፍ የዝናቡን ነጠብጣብ ጠረገለትና «አራት ልጅ ነው የሞተብኝ» አለ።

ከዚያ ለቅሶው ተለወጠ። ሴቶቹ አራቱን እየጠሩ አለቀሱ፤ ወንድሜን በስሙ፣ አንዱን በቁመቱ፣ አንዱን በሳቁ፣ አንዱን እናት በማጣቱ። ያ የጅማው ባለሱቅ የመስጊዱን ሽማግሌዎች አስከትሎ መጣና ለአጋሮው ልጅ ዱዓ አደረጉለት፤ የእኛ ቄስ ቆመው ጠበቋቸው። ልጁን አንድ ቀን እንኳ አይታው የማታውቅ የሸኮ ሴት በቋንቋዋ ለናቪጌተሩ ስታለቅስ ሰማሁ። ምን እንዳለች ጠይቄ አስተረጎምኩ። «የእኛ ልጅ፣ ቤትህን ሳትለምደው» ነው ያለችው።

አርባው ሲደርስ እናቴ ወደ ንስሐ አባታችን ሄደች፤ እኔም ተከተልኳት። ለጸሎቱ የክርስትና ስም ያስፈልጋል። የካፒቴኑን ከቤተሰቦቹ አስጠይቀን አግኝተናል። የወንድሜን እናቴ ተናገረች።

«የዚያ የማሳደጊያው ልጅስ?» አሉ አባ።

እናቴ አታውቅም። ማንም አያውቅም። «ማተብ አንገቱ ላይ አይቻለሁ» አለች። «አንድ ሰው አስሮለታል። ተጠምቋል ማለት ነው።»

«ልጄ፣ እሱማ ይሆናል። ግን በምን ስም ልጥራው?»

እናቴ ነጠላዋን አጠፈች፣ መልሳ ዘረጋችው። ከዚያ «በልጄ ስም ይጥሩት» አለች። «ወንድሙ ነው፣ ያካፍለዋል።»

«አንድ ስም ለሁለት ነፍስ?»

«አባቴ፣ አንድ ሞት ለአራት በቅቷቸው የለም እንዴ» አለች።

አባ መስቀላቸውን አሳልመዋት ወደ መቅደስ ገቡ።

እናቴ ካረፈች ወዲህ ለጸሎታቸው በየዓመቱ ቴፒ የምወርደው እኔ ነኝ። ካህኑም ተለውጠዋል፤ የዛሬው ወጣት ናቸው። መጀመሪያ የሄድኩ ጊዜ ስሞቹን በቃሌ ስነግራቸው አቋረጡኝ።

«እኅቴ፣ ይሄንን ቅድም ብለሽዋል።»

«ሁለት ናቸው አባ» አልኳቸው።

ትንሽ አዩኝ። ከዚያ ዞረው ሁለት ጊዜ ጠሩት፤ ሁለተኛውን ሲጠሩ ድምፃቸውን ቀስ አድርገው።