የጋሼ ወርቁ ዘይት

በቀደም እዚህ ስደት አገር፣ ትሩጋኒና ሰፈር ካለው ቤቴ ደጃፍ አንድ ጎረምሳ በሞተር ሳይክል አለፈ። ሞተሩ ያጓራል፣ ጎማው ግን እየተለመነ የሚሄድ ይመስላል። ልጄ «ምን ሆኖ ነው?» ስትል በእንግሊዝኛ ጠየቀችኝ። «ፍሪሲዮኑ ነው» አልኳት። የሞተሩን ጉልበት ለጎማው የሚያቀብለውን ክፍል ማለቴ ነበር፤ ቃሉን አታውቀውም።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ፍሌሚንግተን ካሉት የመንግሥት ፎቆች በአንዱ እኖር ነበር። ግጥም እጽፋለሁ፤ ያስተማረኝ የለም፤ አንድ ቦታ መቀመጥም አልወድም። ንብረቴ አሮጌ ቀይ ሞተር ሳይክል ነበር። አንድ ጊዜ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ራቅ ያለ መጋዘን ውስጥ ሥራ እንድጀምር ተቀጠርኩ። በዚያ ሺፍት አውቶቡስ የለም። አለቃው በስልክ «መጓጓዣ አለህ?» ሲለኝ «አለኝ» ብዬዋለሁ። ካልደረስኩ ሥራው የሌላ ሰው ነው።

ጎረቤቴ ጋሼ ወርቁ አገር ቤት ዕድሜያቸውን ሙሉ የጭነት መኪና የነዱ ሰው ናቸው። ሥራ ማግኘቴን ዓርብ ዕለት ሲሰሙ ለመኪናቸው ያስቀመጡትን ውድ ዘይት ይዘው ወረዱ። «ሥራ የሚጀምር ሰው በጥሩ ዘይት ይጀምራል» ብለው በገዛ እጃቸው ቀየሩልኝ። እምቢ አይባሉም። በማግስቱ ቅዳሜ ጠዋት ነዳጅ ስሰጠው ሞተሩ ይጮሃል፣ ጎማው አይከተልም።

ብሬብሩክ የሚባል ሰፈር ውስጥ ሁለት የታይላንድ ወንድማማቾች ጋራዥ እንዳላቸው ሰምቼ ነበር። ጋሼ ወርቁ «ብቻህን አትሄድም» ብለው ከኋላዬ ተፈናጠጡ። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ከወንዙ ድልድይ በኋላ ያለው ዳገት ላይ አንዲት ሴት በብስክሌት ቀደመችን።

«አየሃት?»

«አየኋት ጋሼ።»

«ሰላም እንኳ አላለችን።»

ወንድማማቾቹ እርስ በርሳቸው የሚያወሩት በታይኛ ነው፤ የእነሱም የእኔም እንግሊዝኛ ገና አፉን አልፈታም። ስለዚህ እርስ በርስ ተጣብቀው መያዝ ያለባቸውን የፍሪሲዮን ሸራዎች ላሳያቸው መዳፎቼን ደረቴ ላይ አጋጠምኩ፤ ትልቅየው በዕድሜ ስለሚበልጠኝ ደግሞ ዝቅ አልኩ። ሁለቱም መዳፋቸውን አጋጥመው ዝቅ አሉልኝ፤ ለካ ሰላምታቸው ነው። ጋሼ ወርቁ በክብር መበለጥ ስለማይወዱ የባሰ ዝቅ አሉ። እነሱም ደገሙ።

«እንግዲህ ሰላምታው ካለቀ ችግሩን ንገራቸው» አሉኝ ጋሼ ወርቁ።

«ችግሩን እኮ ነው የምነግራቸው።»

ያኔ አንዱን መዳፍ በሌላው ላይ አንሸራትቼ እንደ ሞተር አጓራሁ። ትልቅየው ሳቀና እሱም አጓራ። የዘይቱን ክዳን ከፍቶ በሁለት ጣቱ አሸት አሸት አደረገው። ግቢው ውስጥ ወደቆመች መኪና ጠቆመ፣ ወደ ዘይቱ ጠቆመ፤ ከዚያ ወደ ሞተር ሳይክሌ ጠቁሞ አይሆንም ሲል ራሱን ነቀነቀ። የእኔ ሞተር ሳይክል ፍሪሲዮኑ ዘይት ውስጥ ነው የሚዋኘው፤ ለመኪና የተሠራው ያ ውድ ዘይት ሸራዎቹን አሙለጭልጯቸዋል። ጋሼ ወርቁ ሲነዱ የኖሩት የጭነት መኪና ፍሪሲዮኑ ደረቅ ነበር። ከየት ይወቁት?

ትልቅየው ማን ቀየረው እንደማለት ቅንድቡን አነሳ። እኔ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ጎማ ማየት ጀመርኩ።

ጋሼ ወርቁ ኮታቸውን አወለቁ፣ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ፣ መፍቻ እንዲሰጣቸው እጃቸውን ዘረጉ። «እኔ ነኝ የሞላሁት፣ እኔው ላፍስሰው» አሉ፣ በአማርኛ። ሰውየው ትንሽ አያቸውና መፍቻውን ሰጣቸው። ታናሽየው ከጉልበታቸው ሥር ካርቶን አነጠፈ።

ሸራዎቹ በቤንዚን እስኪታጠቡ ምሳ አቀረቡልን። ፍልሰታ ስለነበር ጋሼ ወርቁ ዓሣውን ትተው ነጭ ሩዝ በተወቀጠ በርበሬ በሉ። «እነዚህ ሰዎች ሚጥሚጣ ያውቃሉ» አሉ፣ ዓይናቸው እያነባ።

የሞተር ሳይክል ዘይት ተሞልቶለት ስንመለስ፣ መጀመሪያዋ ዳገት ላይ ከኋላዬ «ያዘ» ሲሉ ሰማኋቸው። ሥራዬም በሰዓቱ ደረስኩ። ስለዚያ ቀን ግጥም ልጽፍ ሞክሬ አልሆነልኝም። ጋሼ ወርቁ ግን ከዚያ ወዲህ ሹራብም ይሁን ምክር ሲሰጡኝ «ላንተ ይሆናል?» ብለው ይጠይቁኝ ነበር፣ እስኪሞቱ ድረስ።

የጎረምሳው ሞተር መታጠፊያው ጋ እስኪጠፋ አዳመጥኩት። ዘይቱን ማን ሰጥቶት ይሆን ስል አሰብኩ። በጣም የሚወደው ሰው ሳይሆን አይቀርም።