የመድረኩ ሰርግ

በደርግ ጊዜ ናዝሬት አስተማሪ ነበርኩ። ተማሪዎቼ የድሮ ኮሜዲ ለምን በሰርግ እንደሚያልቅ እንዲገባቸው፣ የአንዱን የመጨረሻ ትዕይንት እኛው መምህራን ተወንንላቸው። እኔ ሙሽራ፣ የሂሳብ አስተማሪዋ ብርቄ ሙሽሪት፣ የስፖርት አስተማሪው ግርማ ሚዜ ሆንን። ልጃቸውን ሊጠይቁ ከደራ የመጡት የብርቄ አባት እልልታውን ሰምተው ገቡና ቀጥ ብለው መድረኩ ላይ ወጡ።

"ሽማግሌ ሳትልክ ልጄን ታገባለህ?" አሉኝ።

እውነቱን ለመናገር፣ ሽማግሌ ልልክባት ሰው እያፈላለግኩ ነበር።

"ኧረ አባባ፣ ትያትር ነው! ለትምህርት ነው" አልኩ እጇን ለቅቄ።

አባት ወደ ልጃቸው ዞሩ።

"እውነቱን ነው? ባልሽ አይደለም?"

"አይደለም፣ አባዬ" አለች ብርቄ አንገቷን ደፍታ። "ባሌ ሚዜው ነው። ማዘጋጃ ቤት ከተፈራረምን ሦስት ወራችን።"