በእታለማሁ እጅ የተሰፋ ጃንጥላ

ጃንጥላ ማለት አንድ ዘንግ፣ ስምንት ሽቦና አንድ ክብ ጨርቅ ያለው፣ ሲዘረጉት ፀሐይን የሚከልል፣ ሲያጥፉት ምርኩዝ የሚሆን ዕቃ ነው። ልጅ ሳለሁ ግን ጎፋ በነበረው ግቢያችን ጃንጥላ ማለት ተረት ነበር፤ ይህም በአክስቴ በእታለማሁ ምክንያት ነው።

አክስቴ የሰፈሩን ጃንጥላ ትጠግን ነበር። አመሻሽ ላይ ከፋኖሱ አጠገብ ትቀመጥና፣ የማንደጃው ፍም እግሯን እያሞቃት፣ ክሩን በጧፍ ሰም እያሸች፣ የላላውን ጨርቅ ከሽቦው ጫፍ ጋር ትሰፋለች፤ እየሰፋችም ትተርታለች። ያኔ ሕጓ አንድ ነበር፤ ስፌቱ አልቆ ክሩን በጥርሷ ስትበጥስ ተረቱም እዚያው ይቆማል፣ የተረቱ ጅብ የትም ይሁን የት። ቀሪው ሌላ የተጎዳ ጃንጥላ እስኪመጣ ይጠብቃል። ክሩን ያበሰብሳል ብላ እርጥብ ጃንጥላ አጥፎ የሚያስቀምጥን ሰው አጥብቃ ትወቅስ ነበር፤ እኛ ልጆች ግን እንዲህ ላለው ሰው ረጅም ዕድሜ እንመኝለት ነበር።

በአንድ በጋ፣ ጦጢት ደረቅ ጉድጓድ ውስጥ ወድቃ ጅቡ አፋፉ ላይ ተቀምጦ ሲጠብቃት ክሩ ተበጠሰ። ከዚያ ሁለት ሳምንት ሙሉ አንድም ጃንጥላ አልመጣም። አልቻልኩም። የጎረቤታችንን የእትዬ አየለችን ጃንጥላ በራቸው ላይ ተደግፎ ሳገኘው የሦስቱን ሽቦ ክር በአባቴ ምላጭ ቆረጥኩት።

ያላሰብኩት ነገር ቢኖር፣ ያንን ጃንጥላ ከወር በፊት የሰፋችው ራሷ አክስቴ መሆኗን ነው። እሁድ የቀበሌ ስብሰባ ሜዳ ላይ ነበር። ሊቀመንበሩ ሪፖርት እያነበቡ ሳለ ጨርቁ እትዬ አየለች ፊት ላይ ተደፋ፤ ሴቶቹ ሳቁ። ማክሰኞ ሳይደርስ የእታለማሁ ስፌት ለአንድ ስብሰባም አይበቃም የሚል ወሬ ሰፈሩን አዳረሰ፤ ወደ እኛ ሊመጡ የነበሩ ሁለት ጃንጥላዎችም መርካቶ ሄዱ።

ረቡዕ አመሻሽ ላይ እትዬ አየለች ጃንጥላቸውን ይዘው መጡ። አክስቴ ወደ ፋኖሱ አስጠግታ ጫፎቹን አንድ በአንድ አየች።

«ይሄ ክር አልተበጠሰም፣ እትዬ። በምላጭ ተቆርጧል።»

«ማን ቆረጠው ልትዪኝ ነው? ሊቀመንበሩ?»

አክስቴ የተቆረጡትን ጫፎች እንደገና በጣቷ ዳሰሰች። ከሙያዋ ስም በቀር ሌላ ሀብት እንዳልነበራት ያኔም አውቅ ነበር።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «ጦጢት ከጉድጓዱ እንድትወጣ ብዬ ነው።»

ዱላ ስጠብቅ አክስቴ ሰም የጠጣ ክር መርፌ ላይ ሰክታ ሰጠችኝ።

«በይ፣ አንቺው አውጫት።»

ሦስቱን ሽቦ እኔ ሰፋሁ። ሁለት ጊዜ አስፈታችኝ፤ ጣቴ ደማ። ጦጢትንም ያወጣኋት እኔ ነኝ፣ ጅቡን «ቀበሌ ትፈለጋለህ» ብዬ አስነስቼ። ሊሄዱ ተነስተው የነበሩት እትዬ አየለች መልሰው ተቀመጡ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተምሬያለሁ፤ አብዛኛው ጠፍቶኛል። ክር ከመሳቤ በፊት ጨርቁ እኩል መወጠሩን በጣቴ የምፈትሸው ግን ዛሬም ሳላስበው ነው።

እትዬ አየለች ያንን ጃንጥላ ስንት ስብሰባ እንደያዙት አላውቅም። ስፌቱን አይተው ለሚጠይቋቸው ሁሉ «የእታለማሁ እጅ ነው» ይሉ ነበር። አክስቴ በስፌት ነገር ቀልድ አታውቅም። አላረመቻቸውም።