የኋላ መብራቱ ነገር

ያቺ መኪና በንዴት ልትገድለኝ ነበር። ሳስጠግናት መብራቷ ይበራል፤ በማግስቱ አመሻሽ ላይ ደብተሬን ይዤ ልወጣ ስል የኋላውም የፍሬኑም ድርግም ብሎ ጠፍቶ አገኘዋለሁ። የፊቱ ይበራል፣ ፍሬቻው ይሠራል፣ ከኋላ ግን ጨለማ ነው። በደርግ ጊዜ የኋላ መብራት በሌለው መኪና ሲመሽ መገናኛ ፍተሻ ላይ መድረስ ችግርን በገዛ እጅ መጥራት ነበር። በታክሲ እንዳልሄድ ቤታችን ከየካ ሚካኤል በላይ፣ እንጦጦ ግርጌ ነው፤ ሰዓት እላፊም አለ። ከማታ ትምህርቴ ደግሞ ከዚህ በላይ ብቀር ከመዝገብ እንደምሰረዝ ተነግሮኛል።

ጉርድ ሾላ ያለው የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ቫልቮላውን፣ ማለትም ፊውዙን፣ ቀየረ፣ አምፖሎቹን አየ፣ የሽቦዎቹን ጫፍ ሁሉ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈገ። ቆሻሻ ነው አለኝ። በራ። በማግስቱ ጠፋ። ተመልሼ ጮህኩበት፤ እሱም ጮኸብኝ፣ የሆነ ሰው እየነካካው ነው አለ። ማን ይነካዋል? መኪናዋ የምታድረው ግቢያችን ውስጥ ነው፤ እዚያ የምንኖረው እኔና አባቴ ብቻ ነን።

አባቴ ጡረታ የወጡ የጭነት መኪና ሹፌር ነበሩ። ስፈትሽ መሪው ጋ ተቀምጠው ፍሬን የሚረግጡልኝ እሳቸው ናቸው፤ እኔ ከኋላ ቆሜ አያለሁ። «አባባ፣ ይርገጡት» እላለሁ። ይረግጣሉ። ምንም የለም። ዕድሜያቸውን ሙሉ መኪና መንገድ ላይ ሲበላሽባቸው ራሳቸው እየጠገኑ የኖሩ ሰው አንድ ሐሳብ እንኳ አለመስጠታቸው ያበግነኝ ነበር። አርጅተዋል ብዬ ተውኳቸው።

አንድ ቀን ካቻቪቴ ይዤ እኔው ከኋላ ገባሁ። ሁለቱም መብራቶች ከመኪናው ብረት ጋር የሚያያዙበት አንድ ሽቦ አለ። ብሎኑን ፈትቼ ጫፉን በጥፍሬ ስፍቀው ቢጫ ነገር ተላጠ። አሸተትኩት። የጧፍ ሰም ነው። በሽቦውና በብረቱ መሀል ተቀብቶ ኤሌክትሪኩን ዘግቶታል። ከቤተ ክርስቲያን የጧፍ ቁራጭ በኪሳቸው ይዘው የሚመለሱት ደግሞ አባቴ ናቸው።

ደሜ ፈላ። ቀና ስል እሳቸው መሪው ጋ እንደተቀመጡ በመስታወቱ ያዩኛል። ከዚያ በፊት በአባቴ ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም፤ ያን ቀን ግን ምን አደረግኩዎ ብዬ ጮህኩ።

«ወንድምህም አሁን መጣሁ ብሎ ነው የወጣው» አሉኝ።

ታላቅ ወንድሜ በዚያ ወጣት በሚታፈስበት ዘመን አንድ ምሽት እንደወጣ ቀርቷል። አስከሬኑንም አላገኘንም። ከዚያ ወዲህ አባቴ የእሱን ነገር አንስተው አያውቁም ነበር።

ንዴቴ ግን አልበረደም። እሱ ስለቀረ እኔ እዚህ ተቀምጬ ላርጅ? ሰሙን ፍቄ ብሎኑን አጠበቅኩና እንደገና ይርገጡት አልኳቸው። የግቢው ግድግዳ በፍሬኑ መብራት ቀላ። እንዲወርዱ በሩን ከፈትኩላቸው። አልወረዱም። ወደ ጎን ተሳቡና በሚቀጥለው ወንበር ላይ ጋቢያቸውን አስተካክለው ተቀመጡ።

ትምህርት ቤቱ በር ላይ አቁሜ ገባሁ። ስወጣ እዚያው ነበሩ፤ ዓይናቸው በሩ ላይ። ብርድ ነው፣ ሰውም ይታዘበናል፣ ይቅርብዎ ብል አልሰማ አሉ። እንዲያ እያናደዱኝ፣ እስክመረቅ ድረስ በየማታው መኪናው ውስጥ ጠበቁኝ።