የኦቦ ሚልኬሳ ጥርስ እስኪበቅል

ኦቦ ሚልኬሳ አምቦ ውስጥ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጂኦግራፊ አስተምረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። የላይኛዎቹን የፊት ጥርሶቻቸውን ያጡት ወንጪ ሐይቅ ዳር ነው። ፈረስ መጋለብ የልጅነት ሙያቸው እንደሆነ ለእንግዶች እያስረዱ ሳለ ፈረሱ አልተስማማም።

የእህታቸው ልጅ ዶርቃስ እዚያው ከተማ የጥርስ ሐኪም ናት። ሰው ሠራሽ ጥርስ ልግጠምልዎ አለቻቸው። እሳቸው ግን በዚያው ሰሞን ስልካቸው ላይ ታላቅ ዜና አንብበው ነበር፤ ጃፓኖች ጥርስ የሚያበቅል መድኃኒት ሰው ላይ መሞከር ጀምረዋል። የገዛ ጥርሳቸው መንገድ ላይ እያለ ፕላስቲክ አፋቸው ውስጥ የሚከቱበት ምክንያት አልታያቸውም። ዶርቃስ መድኃኒቱ ገና ሙከራ ላይ እንደሆነ፣ በቅድሚያ የታሰበውም ጥርስ ሳያበቅሉ ለሚቀሩ ልጆች እንደሆነ፣ ከፈረስ ለወደቁ ጡረተኞች ግን ወረፋ እንዳልተያዘ በትዕግሥት ነገረቻቸው። ኦቦ ሚልኬሳ የጃፓንን ካርታ ከእሷ በተሻለ ስለሚያውቁ አልተቀበሏትም።

እናም መጠበቅ ጀመሩ። በየማለዳው ድዳቸውን በመስታወት ይመረምራሉ። አንድ ቀን ድዳቸው ላይ የተለጠፈ የሽንኩርት ቁራጭ ቡቃያ መስሏቸው ባለቤታቸውን ጠርተው አሳይተዋል። ሰው ጥብስ ሲበላ እሳቸው ሾርባ ይጠጣሉ፤ የሾርባን ጥቅምም ላልጠየቃቸው ሁሉ ያስተምራሉ። ከእሳቸው ቀድመው ጥርሶቻቸውን ያጡት ባለቤታቸው ወይዘሮ ቢፍቱ ይህን ሁሉ ትምህርት ካዳመጡ በኋላ ዶርቃስ ዘንድ ሄደው የራሳቸውን አስገጠሙ።

ከዚያ የወንድማቸው ልጅ ሸነን ከተማ ላይ ተዳረች፤ ሙሽሮቹን እንዲመርቁም ኦቦ ሚልኬሳ ማይክ ተሰጣቸው። ምርቃቱ በኦሮምኛም በአማርኛም ፉጨት ሆኖ ወጣ። የሙሽራው ወገኖች ጨዋ ስለሆኑ ፉጨቱ በቆመ ቁጥር «አሜን» አሉ። የድምፅ ሠራተኛው ጥፋቱ የእሱ መስሎት የማይኩን ድምፅ ቀነሰው።

ምሳ ሲቀርብ ወይዘሮ ቢፍቱ አጠገባቸው ጎድን እየጋጡ ነበር። ቀና ሳይሉ፣ «የእኔ ጥርስ ጃፓንን አያውቅም፤ ግን ያኝካል» አሏቸው።

በሳምንቱ ኦቦ ሚልኬሳ የዶርቃስ የሕክምና ወንበር ላይ ተቀመጡ።

«ለጊዜው ነው እንግዲህ» አሉ።

ዶርቃስ ጓንቷን እያጠለቀች፣ «አውቃለሁ፣ ኤሱማ» አለች፤ አጎቷን የምትጠራው እንደዚያ ነው። «አሁን አፍዎን ይክፈቱ።»

ጥርሱ የተገጠመላቸው ዕለት አንድ ሳህን ጥብስ ብቻቸውን ጨረሱ። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። ቃሪያው ነው አሉ።