ሁለተኛው ዓይን በሞጣ ሜዳ

ባለፈው ቅዳሜ ቢቸና በተከራየሁበት ግቢ ልብስ ላሰጣ ወጥቼ፣ ክረምቱ ያዛገውን የማስጫ ሽቦ በአሮጌ ጨርቅ ከዳር እስከ ዳር ስጠርግ፣ እጄ መሐል ላይ ሲደርስ ጨርቁ ያዝ አደረገኝና ቆመ። ሽቦው ከብዙ ቀጫጭን ዘለላዎች የተገመደ ነው፤ ከዘለላዎቹ አንዷ ተበጥሳ፣ ከፀጉር የማይወፍር ጫፏን ወደ ውጭ አውጥታ የጨርቁን ክር ነክሳለች። ሌላ ሰው ቢሆን መንጭቆ ልብሱን ያሰጣ ነበር። እኔ ግን እርጥቡ ቀሚስ ትከሻዬ ላይ ውሃውን እያንጠባጠበ፣ ያችን ጫፍ በጣቴ እየነካካሁ ብዙ ቆምኩ። አከራዬ ከበራቸው ብቅ ብለው “ምነው ልጄ፣ ሽቦው ቆረጠሽ?” ሲሉኝ ከግቢው ርቄ ሄጃለሁ፤ ቤንዚንና ጠል የነካው ሣር እየሸተተኝ ነበር።

ያኔ አሥር ዓመቴ ነው። እናቴ የኔአለም የትናንሽ አውሮፕላኖች ጥገና ባለሙያ ናት። ከዓባይ በረሃ በኩል አንበጣ ሊወጣ ይችላል ተብሎ፣ መድኃኒት የምትረጭ ባለ አንድ ወንበር ቢጫ አውሮፕላን ሞጣ ዳር ባለው የሣር ሜዳ ላይ ስትመደብ እናቴም አብራ ተላከች። ትምህርት ቤት አልተከፈተም፣ እኔን የሚይዝ ዘመድም አልተገኘም፤ ስለዚህ ከዕቃ ሳጥኖቹ ጋር እኔም ተጫንኩ። የአንበጣው ወሬ እንጂ ራሱ አልደረሰም ነበር። እኛ ግን መምጫው እንዳልታወቀ እንግዳ በየማለዳው እንዘጋጅለታለን።

ማለዳ ሜዳው በጉም ይሞላል። መጀመሪያ የሚታየው የጅራቷ ጫፍ ነው፣ ጉሙ ውስጥ ብቻውን የቆመ ቢጫ ነገር፤ ቀጥሎ ክንፎቿ ቀስ እያሉ ይመጣሉ፣ ልክ ከእንቅልፉ የነቃ ሰው እጁን እንደሚዘረጋ። ጠሉ ከክንፎቿ ጠርዝ ላይ ተደርድሮ ይንጠባጠባል፣ ከሥር ያለው ሣር ደግሞ በክንፍ ቅርጽ ደረቅ ሆኖ ይቀራል፤ አውሮፕላኗ ቦታ ስትቀይር ያ ደረቅ ቅርጽ ሜዳው ላይ ተኝቶ ሳየው፣ ትናንት ያደረችው አውሮፕላን ወደ መሬት ሰርጋ የገባች ይመስለኝ ነበር። የሜዳው ዘበኛ ሣር ሊግጡ የገቡ አህዮችን ሲያባርር ድምፁን ብቻ እንሰማለን፤ አህዮቹም እሱም በጉሙ ውስጥ የሉም።

እናቴ ከክንፎቹ ሥርና ከጅራቱ ጎን ያሉትን ትናንሽ ክዳኖች በየተራ ትከፍታለች። ከአብራሪው እጅ ተነስተው እስከ ክንፍና ጅራት የሚሄዱት የብረት ገመዶች በዚያ ጨለማ ውስጥ ነው የሚያልፉት። በባትሪና በዘንግ ላይ በታሰረች ትንሽ መስተዋት እያየች፣ ገመዶቹ የሚዞሩባቸውን ጎማ መሳይ መዘውሮች በጣቷ እያዞረች፣ በመጨረሻ ደግሞ በገመዱ ርዝመት ሙሉ ጨርቅ ታስሄዳለች። “ዓይን ይሰለቻል፤ ጨርቅ ግን አይሰለችም” ትለኝ ነበር። ጨርቁ ሳይያዝ ከወጣ ገመዱ ጤነኛ ነው።

አንድ ቀን የጅራቱን ክዳን ስትከፍት ከውስጥ እንደ ሩቅ ሞተር ያለ ድምፅ መጣ። ክዳኑን ቀስ ብላ ዘጋችና “ንብ” አለች። የሞጣ ንብ አዲስ ቤት አግኝቶ ገብቷል። አብራሪው ካፒቴን ዳዊት፣ የአዲስ አበባ ልጅ፣ እስከ ዘበኛው ጎጆ ድረስ ሮጠ። በሜዳው አጠገብ የሚያርሱ ሰውዬ ቀፎ ተሸክመው መጡ፣ አውሮፕላኗን ዞረው አዩና፣ “እኔ ባሰናዳሁለት ቀፎ ሦስት ዓመት አልገባ ብሎ፣ እናንተ ቤት በአንድ ሳምንት!” ብለው ተቀየሙ። ንቡን ሲወስዱ ግን ፊታቸው እንደ ሙሽራ ወሳጅ ነበር።

ከእናቴ ጋር የሚሠሩት ዋናው ባለሙያ ጋሽ ይሁኔ ይባላሉ። እሳቸውም እንደ እናቴ የቢቸና ሰው ናቸው። በልጅነታቸው ደብረ ወርቅ ለቅኔ ተቀምጠው፣ ከዚያ አንድ ቀን በላያቸው ያለፈች አውሮፕላን አይተው ትምህርታቸውን እንደ ተዉ ይናገራሉ። ብሎን ሲያጠብቁ አሁንም ዜማ ያንጎራጉሩ ነበር። እናቴን ከጀማሪነቷ አንስተው ያስተማሯት እሳቸው ናቸው፤ ዓይኗን በሻሽ አስረው፣ ጣቶቿን ገመድ ላይ አስይዘው፣ የላላውን ከጠበቀው፣ ያረጀውን ከአዲሱ በመዳሰስ ብቻ እስክትለይ ድረስ። እኔንም አንድ ነገር አስተምረውኛል። አብራሪው አውሮፕላኗን የሚመራበትን ዱላ እንደያዝኩ አውራ ጣቴን ወደ ላይ አስቁሜ፣ ዱላውን ወደ አንድ ጎን ሳጋድል አውራ ጣቴ ወደ ጠቆመበት ክንፍ ማየት ነው። በዚያ ክንፍ ጠርዝ ላይ ያለችው፣ እንደ መስኮት መዝጊያ ከፍ ዝቅ የምትለው ቁራጭ፣ ወደ ላይ መነሳት አለባት። እሷ ኤይለሮን ትባላለች። ወደ ታች ከሄደች፣ አውሮፕላኗ አብራሪው ካሰበበት በተቃራኒ ትገለበጣለች።

በዚህ ሥራ አንድ ሕግ አለ። የአውሮፕላን መሪ ገመድ ከተነካ፣ የነካው ሰው ብቻውን አይፈርምም፤ ሌላ ባለሙያ ከመጀመሪያ ጀምሮ ራሱ አይቶ፣ ወረቀቱ ላይ ከመጀመሪያው ፊርማ ሥር በተሰመረው ሳጥን ውስጥ ይፈርማል። የሠራው ሰው ሳጥን አለ፣ ሁለተኛ የሚያየው ሰው ሳጥን አለ። እናቴ ሌላ ሰው የሠራውን ስታይ ርኅራኄ አልነበራትም። ጋሽ ይሁኔ የሠሩትን ግን አታይም ነበር። ባትሪውን ይዛ ትጠጋለች፣ አንገቷን ትንሽ ትሰብራለች፣ ከዚያ ትፈርማለች።

ካፒቴን ዳዊት ይህን ያውቃል። “የኔአለም፣ ገባ ብለሽ እዪ እንጂ” ሲላት፣

“ጋሼ ያዩትን እኔ ደግሜ ሳይ ምን ልፈልግ ነው? ሰው ምን ይለኛል?” ትለዋለች።

“እናንተ የቢቸና ሰዎች እዚህ ስትከባበሩ፣ እኔ እኮ ሰማይ ላይ ብቻዬን ነኝ።”

ይስቃሉ። ጋሽ ይሁኔም ይስቃሉ። እኔም ሁሉም ስለሳቁ እስቃለሁ።

አንድ ማክሰኞ ማለዳ የእናቴ ጨርቅ በግራው ክንፍ ገመድ ላይ ያዝ አደረገ። አንድ ዘለላ ተበጥሷል። ጋሽ ይሁኔ አዲስ ገመድ ለመግጠም የሁለቱንም ክንፎች ገመድ ከዱላው ሥር ፈቱ፤ ግማሹን ቀን በወንበሩ ሥር ተኝተው፣ እግራቸው ብቻ ወደ ውጭ እየታየ፣ ዜማቸው ከብረቱ ውስጥ እየተሰማ ሠሩ። ከሰዓት በኋላ ወጡ፣ ዱላውን ወዲያና ወዲህ አንቀሳቀሱ፣ “እንደ ቅቤ ሆኗል” አሉ፣ እጃቸውን ጠርገው ፈረሙና ወረቀቱን ለእናቴ ሰጧት። የአንበጣው መንጋ ታይቷል የሚል ስልክ ተደውሎ ስለነበር ካፒቴን ዳዊት የራስ ቁሩን ደፍቶ፣ ዳቦውን ቆሞ እየበላ ነበር።

እናቴ ወረቀቱን አይታ ሳቀች። “ጋሼ፣ የእኔን ሳጥን ወሰዱብኝ እኮ!” ፊርማቸው ሁለተኛ የሚያየው ሰው ሳጥን ውስጥ ነበር። “እሱ ነው እንዴ?” ብለው ወረቀቱን ተቀበሉ፤ ከፊታቸው አራቁት፣ አቀረቡት፣ ወደ ብርሃኑ አዞሩት። የእናቴ ሳቅ ፊቷ ላይ እንዳለ ቀረ፤ ድምፁ ግን ጠፋ። እኔ ያኔ ያየሁት ሽማግሌ ወረቀት ሲያዞሩ ነው። እሷ ያየችው ሌላ ነገር ነበር።

“ጋሼ” አለች ቀስ ብላ፣ “ዱላውን ቢይዙልኝ። እኔ ክንፉ ጫፍ ልቁም።”

“ምነው? ጨርሻለሁ እኮ።”

“አውቃለሁ። ሳጥኔ ከተመለሰልኝ ልሥራበት ብዬ ነው።”

በእነዚያ ሁሉ ዓመታት አንዲት ጊዜ እንኳ እንዲህ ብላቸው አታውቅም። ጋሽ ይሁኔ ወደ አውሮፕላኗ ወጥተው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ።

“ግራ” አሉ።

እኔ ከአውሮፕላኗ ፊት ቆሜ አውራ ጣቴን አስቁሜ ነበር።

“የግራው ወረደ፣ ጋሼ” አለች እናቴ።

“ወጣ በይ እንጂ።”

“ወረደ።”

“ቀኝ።”

“የቀኙ ወረደ።”

ካፒቴን ዳዊት ዳቦ የጎረሰ ጉንጩ ሳይንቀሳቀስ ቆመ። ሜዳው ላይ ነፋስ አልነበረም። ጋሽ ይሁኔ ከወንበሩ ቀስ ብለው ወርደው፣ ክንፉን እየዳበሱ እስከ ጫፉ ሄዱ፤ መዳፋቸውን ኤይለሮኗ ላይ ዘርግተው ጫኑና “ዳዊት፣ ግባና ወደ ግራ በለው” አሉ። መዳፋቸው ከሥሩ ካለው ብረት ጋር አብሮ ወደ ታች ሲሄድ አየሁ። እዚያው ታች እንዳለ ረጅም ጊዜ አልተነሳም።

“እጄ አልዋሸኝም” አሉ በመጨረሻ። “መለስለሱን ነግሮኛል። ወዴት እንደሚሄድ ግን አልጠየቅሁትም።”

እናቴ ቁልፉን ልትቀበላቸው እጇን ዘረጋች። “አትንኪ” አሏት። “አንቺ ከነካሽው ማን ያይልኛል?” ገመዶቹን ራሳቸው ፈተው፣ ተለዋውጠው የገቡትን ወደየቦታቸው መልሰው ገጠሙ። በዚህ ጊዜ ዜማ አልነበረም። እናቴ ከመጀመሪያው ክዳን ጀምራ፣ ባትሪዋን ይዛ፣ እያንዳንዱን መዘውር፣ እያንዳንዱን ማሰሪያ ሽቦ፣ ምንም ሳትዘል አየች፤ እሳቸው አጠገቧ ቆመው ጠበቁ፣ አስተማሪው ፊት እንደ ቆመ ተማሪ። ካፒቴን ዳዊት ሊነሳ ሲል ዱላውን ወደ ግራ ቢያጋድል ግራው ወጣ፣ ቀኙ ወረደ፤ ቢጫዋ አውሮፕላን በግንደወይን ከተማ አቅጣጫ ብርሃኑ ውስጥ ቀለጠች።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ማንም አያውቅም ነበር። ጋሽ ይሁኔ ግን የጥገና መዝገቡን አስመጡ።

“ጋሼ፣ ይሄ እኮ መጻፍ የለበትም” አለች እናቴ። “አልበረረችም። ምንም አልሆነም። ዓይንዎን ደግሞ እናሳያለን፤ ባሕር ዳር ይዤዎት እሄዳለሁ።”

“ነገ ይህን ገመድ የሚፈታው ልጅ፣ ይሁኔም ተሳስቶበታል ብሎ ያንብብ።”

“ከሥራ ያስወጡዎታል!”

“መስመሩ የት ነው? ጣቴን አስይዢኝ።”

እናቴ እያለቀሰች ጣታቸውን ይዛ ባዶው መስመር ላይ አኖረችላቸው። እሳቸውም ቁልቁል በሚወርዱ ትልልቅ ፊደላት፣ ገመዶቹን አለዋውጠው የገጠሙት እሳቸው እንደሆኑ፣ ያገኘችው ደግሞ የኔአለም እንደሆነች ጻፉ። ከስሟ በፊት “ወይዘሮ” ጨመሩበት።

ወሩ ሳያልቅ ደብዳቤ መጣ፣ ጋሽ ይሁኔም ጡረታ ወጥተው ቢቸና ገቡ። አንበጣው መጥቶ እንደሆነ አላስታውስም። የማስታውሰው፣ ከዓመት በኋላ እንደገና ሞጣ ተመድበን ሳለ እናቴ የሞጣ ማር አስይዛኝ ልንጠይቃቸው የሄድንበትን ቀን ነው። ቤታቸው ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጋር የተጠጋች፣ ግቢዋ የተጠረገ፣ በሯ ሰማያዊ ነበረች። የልጅ ልጃቸው “ከሞጣ ሜዳ ሰዎች መጥተዋል” ስትላቸው መደቡ ላይ ተቀምጠው ነበር። የእናቴን ድምፅ ሲሰሙ ግድግዳውን ይዘው ብድግ አሉ።

“ኧረ በሞቴ ጋሼ! ይቀመጡ!”

“መጀመሪያ አንቺ።”

“እኔ ልጅዎ አይደለሁም እንዴ? ለእኔ ይነሳሉ?”

“ዓይኔ ነሽ” አሉ። “ለዓይኔ አልነሳም?”

እናቴ እስክትቀመጥ ቆመው ቀሩ። ቤቱ ውስጥ ያሉት ሁሉ እንዲህ ያለ ክብር አይተው ተደነቁ፣ ጎረቤት ሳይቀር እናቴን በሌላ ዓይን አየ። እኔም ኮራሁ። ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ፣ የጤፉ ማሳ አረንጓዴው በመስተዋቱ ላይ እየፈሰሰ፣ “ጋሼ ተነሱልኝ እኮ” አለች።

“ታዲያ ጥሩ አይደል?”

“ጥሩ ነው” አለችኝ። “ድሮ ግን ተቀምጠው ‘የት ቆየሽ አንቺ?’ ነበር የሚሉኝ።”

ጋሽ ይሁኔ ካረፉ ቆይቷል። ሞጣ ሜዳው ላይ አሁን ግማሹ ቤት ተሠርቶበታል፣ ግማሹ የኳስ ሜዳ ነው። እናቴ በሌላ ከተማ፣ በትልቅ የአውሮፕላን መጠገኛ ውስጥ የሁሉም የበላይ ሆናለች፤ የማንንም ሥራ ሳታይ አትፈርምም፣ ይፈሯታል፣ ይወዷታል። አምና ልጠይቃት ሄጄ አብሬያት ገባሁ። እሷ ከበሩ ብቅ ስትል ከየክንፉ ሥር፣ ከየመሰላሉ፣ ከየሳጥኑ ላይ ወጣቶቹ አንድ በአንድ ተነሱ። “ተቀመጡ፣ ተቀመጡ” አለች እጇን እያወዛወዘች። ዓይኖቿ ግን ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ሲዞሩ አየኋቸው፤ እኔም አብሬያት ዞርኩ፣ ተቀምጦ “የት ቆየሽ አንቺ?” የሚላት አንድ ሰው ይኖር እንደሆነ። ሁሉም ቆመው ነበር።